አስተያየቱን አየኸው?

ጥቅምት 12፣ 2018 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ከመርካቶ የገዛሁት ለሥራ ነበር። ለሥራ ግን ኮምፒውተር አለኝ። ስለዚህ ለብሶት ይሁን።

ዛሬ የጅማው የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለሚካኤል ቢሯቸው ጠሩኝ። ሊቆጡም ሊያመሰግኑም ሲሉ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። "አብሳሎም፣" አሉኝ፣ "የአውሮፓው ገዢ የየቡ ገበሬዎችን ቡና የሚወስደው፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ደን ተመንጥሮ የተተከለ እንዳልሆነ ተረጋግጦ ዝርዝሩ ከገና በፊት ከደረሰው ብቻ ነው። ካልደረሰው ያ ሁሉ ቡና ከተራው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። የገበሬው ልፋት አንተ እጅ ላይ ነው።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና "ያንተም የሙከራ ጊዜ የሚያበቃው ያኔ ነው" ብለው ጨመሩ።

ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለብኝ። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ለዕድሯ ሴቶች ሁሉ "ልጄ ቋሚ ሆነ" ብላ ተናግራ ጨርሳለች። ሥራዬ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም። "በኮምፒውተር ቡና ይለቅማል" ነው የምትላቸው።

ጥቅምት 17

ማፒንጉን ሠራሁ። ማፒንግ ማለት መረጃው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ የገበሬው መረጃ ከዚህ ይነሳል፣ በዚህ ያልፋል፣ እዚያ ይደርሳል። መሃል ላይ ዌብ ሰርቪሱ አለ። ውጭ አገር የተቀመጠ ማሽን ነው። እኛ የማሳውን ማዕዘኖች እንልክለታለን፤ እሱ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አገላብጦ የማሳውን ስፋት፣ የደኑን ነገርና ፎቶውን ራሱን ይመልስልናል።

አንድ አመል አለው። የሚመልሰው እሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው። የገበሬውን ስምና ስልክ ስለማንልክለት፣ ከወዲያኛው በር የሚወጣው መልስ ስምም ስልክም የለውም። መመሪያው ለዚህ "አብሮ አሳልፍ" የሚባል ነገር እንዳለ ይናገራል። ምዕራፉ ረጅም ስለሆነ አላነበብኩትም። የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ፤ ስሞቹን በር ላይ አስቀርቼ መልሱ ሲመጣ በየተራቸው እለጥፋቸዋለሁ። አንደኛውን ስም ለአንደኛው መልስ፣ ሁለተኛውን ለሁለተኛው። ሰው ለምን ነገር እንደሚያወሳስብ አይገባኝም።

የማያስፈልጉ ፊልዶችንም፣ የቅጹን መሙያ ቦታዎች፣ ገና ከመነሻው ጣልኳቸው። ለምሳሌ "አስተያየት" የሚል ፊልድ አለ፤ መዝጋቢዋ የፈለገችውን የምትጽፍበት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡ አላቆመም፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል። ማን ያነበዋል?

መዝጋቢዋ ሶረቲ ትባላለች። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ነው የምትኖረው። ከማሳ ማሳ በእግሯ እየዞረች የየማሳውን ማዕዘን በስልኳ ትይዛለች። ሐምሌ ላይ ለሥልጠና ጅማ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው።

ጥቅምት 25

የሊሙ ገነትን ገበሬዎች ለሙከራ በማፒንጉ አሳለፍኳቸው። አንድም እንከን የለም! አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ፤ ምስጋና ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጠው ገመቹ፣ ለገበሬዎቹ የስልክ መልእክት የሚልከው፣ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና "ስሞቹን በተራ ነው እንዴ የምትለጥፈው? ለአንዱ መልስ ባይመጣስ?" አለ።

"ለምን አይመጣም?" አልኩት። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እኔ ሰው መናቅ አልወድም፤ ግን ገመቹ መልእክት ይላክ።

ማታ ሶረቲ ደወለች። ስለ ሥራ ነው።

"አብሳሎም፣ አስተያየቱን አየኸው?"

አላየሁም ብል ሥራውን አያውቅም ትለኛለች። "አይቻለሁ" አልኩ።

"እና?"

"ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ረዘም ይላል። አጠር ቢል።"

"አጠር ይበል?" አለች።

"ሙያዊ ምክር ነው።"

"ቶሌ"፣ በኦሮምኛ እሺ፣ ብላ ዘጋችው። ምክር የምትቀበል ልጅ ናት።

ኅዳር 2

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። የየቡ ምዝገባ አላለቀም። አቶ ኃይለሚካኤል ሦስቴ መጥተው ቆሙብኝ። ሻይ ደፋሁ። ቋሚ፣ ቋሚ፣ ቋሚ።

ኅዳር 5

ሶረቲ የቀሩትን ማሳዎች ይዛ ቢሮ መጣች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ጽፌልሃለሁኮ!"

"አዎ፣ አዎ" አልኩ። ገመቹ በድንገት ማሳል ጀመረ። ሶረቲ በአንዱ ዓይኗ ብዙ አየችኝ፤ በሁለቱም ብታየኝ የምቋቋመው አይመስለኝም ነበር። "አሁንስ አጠረልህ?" አለችኝ።

"በጣም ጥሩ ሆኗል። እንዲያውም ከዚህም ሊያጥር ይችላል።"

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ደኅና ዋልም አላለችኝ። እስከ በር ልሸኛት ፈልጌ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ ያኔ መጣ።

ኅዳር 11

አለቀ! የየቡ ገበሬ በሙሉ በማፒንጉ አለፈ። ገመቹ መልእክቱን ላከ። እያንዳንዱ ገበሬ ስልኩ ላይ የማሳውን ስፋት ያያል፤ ማስፈንጠሪያውን ሲነካው ከሰማይ የተነሣው ፎቶ ይከፈትለታል። ልክ ከሆነ 1፣ ስሕተት ከሆነ 2 ብሎ ይመልሳል።

ማታ ለብቻዬ ክትፎ በላሁ። ጾም ሊገባ ነው፤ በዚያ ላይ ይገባኛል።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

1። 1። 1። 1። ስልኩ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲል ዋለ። ለእናቴ ደውዬ አለቀ አልኳት። እልል አለች።

ጥቂት 2ቶች አሉ። ሰው መቼም አይጠፋም፤ አንዳንዱ በተፈጥሮው አይጥመውም።

ኅዳር 13

በዚህ ቀን ስለሆነው ልጻፍ ወይስ ልተው?

ጠዋት ቢሮ ስደርስ በሩ ላይ ከየቡ የመጡ ገበሬዎች ቆመዋል። አንዱ ማሳዬ ግማሽ ሆነ ይላል። ሌላው ፎቶው ላይ ያለው ቤት የአማቴ ነው ይላል። ሁሉንም አልፈው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፤ አባ ኦሊ ይባላሉ።

"አሰላሙ አለይኩም። ልጄ፣ ሚካኤልን ለእኔ የሰጠኸኝ አንተ ነህ?"

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ስልካቸውን አቀበሉኝ። "የእርስዎ ማሳ" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ባለው ፎቶ ላይ፣ በቡናው መካከል፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ትናንት በዓላቸው አይደል?" አሉ አባ ኦሊ። "ቄሱ ጎረቤቴ ናቸው። እንኳን አደረሳችሁ ልል ሄጄ ይህን አሳየኋቸው። 'አባ ኦሊ፣ ቡናውን ብቻ ነው የወሰዱት ወይስ ከነታቦቱ?' አሉኝ። ስንስቅ ዋልን። ግን ወላሂ፣ እኔ የሚካኤል ጎረቤት ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም። ውሰድልኝ፤ ወዲያውም የእኔን መልስልኝ።"

የየቡ ነገር ያኔ ተገለጠልኝ። ለብዙዎቹ የሰው ማሳ ነው የደረሳቸው። የሰፋለት 1 ብሎ ተኛ፤ የጠበበበት ሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ። ሰፍቶላቸው ሳለ የመጡት አባ ኦሊ ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ አዴ ነኢማ የሚባሉ ሴትዮ ገቡ። የእሳቸው ስም በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። ፎቶው አልተከፈተላቸውም። ስፋት በሚለው ቦታ ምንም የለም።

"ማሳ የለሽም ይለኛል" አሉ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው። "ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ እንኳን ያልወሰዱብኝን መሬት ስልክ ይወስድብኛል?"

ማንም አልወሰደብዎትም አልኳቸው። "አንተ ታውቃለህ?" አሉኝ። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 14

አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። ምስጋና አልነበረም።

እኔ ሰው መውቀስ አልወድም። ግን ማሳ የመዘገበችው ሶረቲ ናት። ደወልኩላት።

"ምዝገባሽ ተዛብቷል" አልኳት። "ሕዝቡ በሙሉ የሰው ማሳ ላይ ነው ያለው።"

"የአባ ዲጋን ማሳ ረድፍ ላክኸው እንዴ?"

"ለምን አልልከውም?"

"ንቦቹስ?"

"የምን ንቦች?"

"አስተያየቱን አይተኸዋል አይደል?" አለች ቀስ ብላ። "ረዝሟል ብለኸኝ የለ?" ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ። አላነሣችም።

ኅዳር 16

ጾሙ ገብቷል። እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አፌ ምንም አይቀምስም።

ዛሬ ከሥራ በኋላ ገመቹን "ዋናውን የምዝገባ ፋይል የት ነው የምታዩት?" አልኩት። ከፈተልኝ። እኔ ከማፒንጌ የሚወጣውን እንጂ ዋናውን ከፍቼው አላውቅም ነበር። "አስተያየት" የሚለው ፊልድ እንደሞላ ተቀምጧል።

"አራቱም ማዕዘን ልክ ነው። ከዚህ ማሳ ላይ ሆኖ ጅማ ቢታይ ጥሩ ነበር።"

"አብሳሎም፣ ይህን የምታነበው አንተ ስለሆንክ፤ ሹራቤን ጥሩ ነው ብለህ ነበር፣ ዛሬ ለብሼው ጭቃ በላው።"

"የቡ መጥተህ አታውቅም። ብትመጣ ምሳ በእኔ ነው። መቼ ይመችሃል?"

ቀጥሎ፣ ከጥቅምት 25 በኋላ ባለው ረድፍ ላይ፤ "አጠር ይበል ስላልክ፤ ምሳ?"

ከዚያ ቀጥሎ፤ "ም?"

የአባ ዲጋ ማሳ ጋ ስደርስ፤ "ሁለት ማዕዘን ብቻ ነው የያዝኩት። ዛፉ ላይ ቀፎ አለ፣ ንቦቹ አባረሩኝ፣ ዓይኔን ነደፉኝ። ተመልሼ እስክጨርሰው ይህን ረድፍ እንዳትልከው!"

ሁለት ማዕዘን ማሳ አይሆንም። ሰርቪሱ ለዚያ ረድፍ ምንም ሳይመልስ ዝም ብሎ አልፎታል። እኔም ስሞቹን በተራ ስለጥፍ፣ የአባ ዲጋ ስም የቀጣዩን ሰው መልስ ወሰደ፣ ያኛው ደግሞ የቀጣዩን፤ እስከ አዴ ነኢማ ድረስ። ለእሳቸው የተረፈ መልስ አልነበረም።

"ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?" አልኩት ገመቹን።

"ቢሮው በሙሉ እየተከታተለው ነው እንጂ! አቶ ኃይለሚካኤል እንኳን 'ይህ ልጅ ምሳ አይወድም እንዴ?' ብለው ጠይቀውኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ስልክ ላይ 'አይቻለሁ' ስትላት በጆሮዬ ሰማሁህ። የኮራህ መስሎኝ ነዋ።"

እኔ ኩራት? እኔ እኮ... እዚህ ደብተር ላይ ስለ ሹራቡ ጽፌያለሁ። አረንጓዴ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ! ሞኝ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ለምን ይህን ያህል ወር እንደፈጀብኝ አላውቅም፤ ልጅቷን እወዳታለሁ።

ኅዳር 18

ለአቶ ኃይለሚካኤል ሁሉንም ነገርኳቸው። የምሳውን ትቼ። "የምሳውንስ?" አሉኝ።

ቅጣቴን ወሰኑ። "የቡ ሄደህ ለገበሬዎቹ ራስህ አስረዳ። የአባ ዲጋንም ማሳ ከሶረቲ ጋር ሆነህ ጨርስ።"

ኅዳር 22፣ የቡ

ገበሬዎቹ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ዌብ ሰርቪስ ስል ተያዩ። ማፒንግ ስል አንዱ አዛጋ። ሶረቲ ከኋላ ቆማ እጇን አጣጥፋለች፤ አንድ ቃል አላገዘችኝም።

"እንዲህ ነው" አልኩ በመጨረሻ። "መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ስትገቡ ጫማችሁን በር ላይ ታወልቃላችሁ። እኔ ጫማ ጠባቂ ነበርኩ። የማን ጫማ እንደሆነ ሳላይ፣ በገቡበት ተራ ነው የሚወጡት ብዬ በተራ አደልኩ። አንድ ሰው ከውስጥ ቀረ። ከእሱ በኋላ የወጣው ሁሉ የሰው ጫማ አድርጎ ሄደ። መጨረሻ የወጡት አዴ ነኢማ ደግሞ ባዶ እግራቸውን ቀሩ።"

ከዚያ አባ ኦሊ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና "ታዲያ ልጄ፣ ጫማው የሰፋለት ሁሉ 1 ብሎ አደረ በለኛ!" አሉ። ግማሹ ሰው ሳቀ። ሌላው ግማሽ መሬት መሬት አየ።

አዴ ነኢማ አልሳቁም። "የእኔን አሁን አሳየኝ" አሉ። ስልኬ ላይ የማሳቸውን ትክክለኛ ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ብዙ አዩት። በጣታቸው ድንበሩን ዞሩበት። "እሱ ነው" አሉ፣ ስልኩን መለሱልኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ሁለተኛ እንዳታጠፋው" አሉኝ፤ ቃል ገባሁላቸው።

ከዚያ ወደ አባ ዲጋ ማሳ። ሶረቲ ፊት ፊት እየሄደች መንገዱን በሙሉ አላናገረችኝም። ሦስተኛው ማዕዘን ቀፎው ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ነው። "እኔ እሄዳለሁ" አልኳት። "ንብ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አይነካም" ብዬም ጨመርኩ፤ የት እንዳነበብኩት አላስታውስም።

ሦስተኛውን ያዝኩ። አራተኛውን የያዝኩት እየሮጥኩ ነው። ጆሮዬን፣ አንገቴን፣ ከንፈሬን። ቡናው መሃል ተደፍቼ ቀና ስል ሶረቲ ግንድ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

"ጽፌልህ ነበር!" አለች።

"አሁን አንብቤዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ሳቋን አቆመች። ሌላ ነገር ልናገር ነበር፤ ከንፈሬ ግን አብጦ ቃል አያስወጣም። ምሳ ጋበዘችኝ። ሽሮ ነበር። በአንድ ወገን አፌ በላሁት። ስለ አየሩ ብቻ አወራን።

ኅዳር 25

ያንን ረጅም ምዕራፍ አነበብኩት። ለካ አጭር ነው። እያንዳንዱ ፊልድ አጠገብ ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ካደረግህ ፊልዱ ወደ ሰርቪሱ ሳይሄድ ከረድፉ ጋር ተጣብቆ በጎን ያልፋል፣ ከወዲያ በኩል ከራሱ መልስ ጋር ይገናኛል። መልስ ያልመጣለት ረድፍም ለብቻው ተለይቶ ይወጣል። በቃ። ይኸው ነው።

ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ ሁሉንም ምልክት አደረግሁባቸው። አስተያየትንም! ከእንግዲህ አንድም ፊልድ አልጥልም።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ። ዋናውን ፋይል ከፈትኩ፣ የአባ ዲጋ ረድፍ ላይ፣ ከሶረቲ ጽሑፍ ሥር፣ አፌ ያልቻለውን ጻፍኩ። እሷ ፋይሉን በየቀኑ ስለምትከፍተው ነገ ታየዋለች።

ታኅሣሥ 3

አላየችውም። ወይም አይታ ዝም ብላለች።

አዲሱ መልእክት ለገበሬው ተላከ። አዴ ነኢማ 1 አሉ። አባ ኦሊ 1 ካሉ በኋላ ደውለው "ሚካኤል በሰላም ገባ?" ብለው ጠየቁ። ያለፈው ጊዜ ሰፍቶላቸው የነበሩት ደግሞ ዛሬ ተሰብስበው "መሬታችንን ወሰዳችሁብን" ሊሉ መጡ። ገመቹ ሻይ ጋበዛቸውና ሸኛቸው።

ታኅሣሥ 9

ዝርዝሩ ለገዢው ተላከ።

ሶረቲ ስልክ ደወለች። ያየችው መሰለኝ። የጭቃ ጫማዋን ቢሮ ረስታ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። "ፋይሉን አየሽው?" አልኳት። "ምዝገባ ካለቀ ምን አደርገዋለሁ? ከዚያ ወዲህ ከፍቼውም አላውቅ" አለች።

አልከፈተችውም! አምላኬ፣ ይህ ፍርድ ነው። ደግሜ በቃሌ ልነግራት አፌን ከፈትኩና "ጫማው የለም" አልኳት።

ታኅሣሥ 17

ከገዢው መልስ የለም። ከሶረቲም የለም፤ እሷ እንኳን ጥያቄውን አላየችውም። አቶ ኃይለሚካኤል ሲያልፉ መነጽራቸውን ይነካኩና ይተዉታል። እናቴ "የቋሚነቱን ደብዳቤ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ የዕድሩ እታየሁ አላመነችኝም" ትላለች።

ታኅሣሥ 24

ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። በየከተማው ያሉት መዝጋቢዎችም መጥተዋል፤ ሶረቲ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ አረንጓዴውን ሹራብ ለብሳ። አቶ ኃይለሚካኤል ወረቀት ይዘው ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። ለማንበብ ስላስፈለጋቸው መልሰው አደረጉት።

"ከገዢው የመጣ ነው" አሉ። "'የየቡን ዝርዝር በሙሉ መርምረን ተቀብለናል።'"

ጭብጨባ ሆነ። ገመቹ ጀርባዬን መታኝ። አቶ ኃይለሚካኤል እጃቸውን አነሡ፤ አላለቀም።

"'አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። አባ ዲጋ በተባሉት ገበሬ ረድፍ፣ አስተያየት በሚለው ፊልድ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። መልሱን ዝርዝሩ ውስጥ ፈልገን አጣነው። አማርኛ አንባቢያችን እንቅልፍ አጥታለች።'"

ሁሉንም ፊልድ አሳልፌአለሁ። ሁሉንም! ወንበሬ ሥር ልገባ ቃጣኝ።

"ጥያቄው እንዲህ ይላል፤" አቶ ኃይለሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "'ሶረቲ፣ ጽሑፍሽ ረዘመ ያልኩሽ ሳላነበው ነው። ሁለተኛ አንድም ቃልሽን አልጥልም። ንቡ ያሳበጠው ከንፈሬ ቢድንም ይህን በአፌ መናገር አልችልም። እወድሻለሁ። ገናን ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ከእኔ ጋር ትውያለሽ?'"

አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። "አብሳሎም፣ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነህ" አሉ። "ግን ለገዢው ዛሬውኑ መልስ መጻፍ አለብኝ። ሶረቲ፣ ምን ልበላቸው?"

ሁሉም ዞሮ እሷን አየ። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ የጠረጴዛውን እግር ነው የማየው።

"ረዘም አድርጌ ብመልስ ደስ ይለኝ ነበር" አለች ሶረቲ። "ግን አጠር ይበል ብሎኛል። እሺ።"